የቀረ ሰው ድርሻ

የሚካኤል ዕለት ባሕር ዳር ነበርኩ፤ ወር በገባ በ12። እማዬ ማኅበርተኛ ናት። ጽዋው የደረሰው ሽምብጥ አካባቢ ያለች ጎረቤታችን ጋ ነው። ማኅበሩ ድሮ ማታ ማታ ነበር፤ አሁን ከመሸ መንቀሳቀስ ስለማይመች ከሰዓት ሆኗል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ፣ ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። የማኅበሩ ሙሴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ገና አንድ ጉንጭ ሳይቀምሱ በዓይናቸው ዙሪያውን ቆጠሩና «አንድ ሰው ጎድሎናል» አሉ።

«ጉልበቷን አሟት ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ምንም አላለችም፣ የነጠላዋን ጥለት እያየች ዝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እንግዲህ ሳስበው የሰነበትኩት። ስለ ቀረችው ሴት ሰፊ ውይይት አልተደረገም። ድርሻዋ ተቆረሰ። ዳቦው በፌስታል ተጠቀለለ፣ ጠላው በሃይላንድ ተቀዳ፣ ቤቱ ውስጥ ያለሁት ሥራ ፈት እኔ ብቻ ስለሆንኩ «አንተ አድርስ» ተባልኩ። በባጃጅ ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩን በራሷ ከፈተችልኝ፣ ጉልበቷ ደህና ነው። ነገሩ የዕቁብ ገንዘብ ጠብ ነበር፣ ከዚያች ዝም ካለችው ጋር።

«ማን ላከህ?»

«ሙሴው።»

«እሷስ አለች?»

«አለች።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ዳቦውን የጠቀለለችው ግን እሷ ናት።»

ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። እኔም ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ወጣሁ።

አሁን ወደ ሊድስ፣ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ። የምኖረው እዚያ ነው። የእኛ ሀበሾች ጉባኤ እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰበው ከአንድ የሜቶዲስት (ከፕሮቴስታንት ወገን ነው) ቤተ ክርስቲያን በተከራየው አዳራሽ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ ቀደም ብዬ እገባለሁ፣ ስለዚህ ጠዋት እዚያ የሚያመልኩትን ሜቶዲስቶች፣ የጠዋቶቹን ሰዎች፣ አውቃቸዋለሁ። 14 ናቸው። ከመካከላቸው ከ60 በታች የሆነ የለም። መጋቢያቸው ብዙ አጥቢያ ስለሚዞር በየሳምንቱ አይመጣም፤ በቀረበት ሳምንት ከምእመናኑ መካከል የሠለጠነ ሰባኪ ያለ ደመወዝ ያገለግላል። ቅዳሴያቸው ሲያልቅ (ቅዳሴ ልበለው እንጂ ሌላ ምን ልበለው) ሻይና ብስኩት አለ። እኛ ከሰዓት ስንመጣ አዳራሹ ጢም ይላል፣ ሕፃናት በወንበር ሥር ይሯሯጣሉ።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ደረስኩ። አጀንዳው እንዴት እንደግ፣ እንዴት እንታደስ ነው። አዲስ የበር ሰሌዳ አሠርተዋል፣ ጊታር ሞክረዋል፣ ፌስቡክ ከፍተዋል፣ ረቡዕ ረቡዕ ለሰፈሩ ሰው ቡና ያፈላሉ። ቡናውን የሚጠጡት ራሳቸው ናቸው። ወደ እኔ ዞረው «የእናንተ ሰው እንዲህ የሚሞላው ምስጢሩ ምንድነው?» ሲሉኝ «ምግብ» ብዬ አሳቅኳቸው። ሌላ መልስ አልነበረኝማ።

ጭንቀታቸው ልክ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1932 ሦስት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያኖች ብሪታንያ ውስጥ ሲዋሐዱ አባላቱ ከ800,000 በላይ ነበሩ። ዛሬ 200,000 አይሞሉም። አሜሪካም ቢሆን ትልቁ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከ2019 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ብቻ፣ በተለይ በግብረ ሰዶም ጉዳይ በተነሣ ክፍፍል፣ ከ7,600 በላይ አጥቢያዎች ወጥተውበታል።

የገረመኝ ግን አጀማመራቸው ነው። የሜቶዲስት መሥራች ጆን ዌስሊ በ1742 እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ከተማ ላይ የአዳራሽ ዕዳ ነበረበት። እንዴት ይከፈል ሲባል ካፒቴን ፎይ የሚባል ሰው ተነሥቶ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ አለ። ድሃው ከየት ያመጣል ሲሉት፣ ድሆቹን 11 ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ ቤታቸው እሄዳለሁ፣ ከሌላቸው እኔ እከፍልላቸዋለሁ አለ። 11 እና እሱ፣ 12 ማለት ነው። በቃ፣ ማኅበር! ሰብሳቢዎቹ ሳንቲም ሊለቅሙ ቤት ለቤት ሲዞሩ አንዱ ሰክሮ፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ አገኙት። ዌስሊ ያኔ ነው የነቃው። ስንፈልገው የነበረው ይሄ ነው ብሎ ገንዘቡ ወደ ጎን ሆነና መጠያየቁ ዋና ሥራ ሆነ። ሜቶዲስትን ሜቶዲስት ያደረገው ስብከቱ ብቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ በርህን የሚያንኳኳ ሰው ነው።

ይሄን ያነበብኩት ሊድስ ሆኜ ነው። የገባኝ ግን ባሕር ዳር፣ ያቺን ፌስታል ይዤ ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ ነው።

ግን ደግሞ የእኛን ማኅበር መልአክ አላደርገውም። ሙሴውን «አዲስ ሰው ትቀበላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «12 ወር፣ 12 ሰው። አንዱ ሲያርፍ ልጁ ይተካል» አሉኝ። ሰፈሩ ውስጥ ከገጠር ተፈናቅለው የመጡ፣ ማንንም የማያውቁ ስንት ሰዎች አሉ። እነሱ የማን ተረኛ ናቸው? ማኅበራችን የያዘውን አይጥልም፣ የውጪውን ግን አይጠራም። የዌስሊ ቡድን ሰው ሲበዛበት ሌላ ቡድን ይወልድ ነበር። የአክስቴ ልጅ የወንጌላውያን አማኝ ነው፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ትንሽ አጥቢያ ያመልካል። «እኛም ቤት ስንሞላ ለሁለት እንከፈላለን» አለኝ። ይሄ ከደርግ ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። ከወንጌላውያን አንዷ የሆነችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባሎቿ ወደ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሰብሰብ ማለት ክልክል ስለነበር ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ተደበቁ። ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ሰሌዳ የለ፣ ጊታር የለ፣ ማስታወቂያማ ያሳስር ነበር።

አንድ የማፍርበት ነገር ላውራ። አምና የሌሊት ሥራ ይዤ ሁለት ወር ሙሉ ከጉባኤያችን ቀረሁ። ቁልፉን ለሌላ ልጅ ሰጠሁ። ያ ሁሉ የሚሞላው አዳራሽ፣ ያ ሁሉ ወንድሜ ወንድሜ፣ አንድ ሰው አልደወለልኝም። በስድስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ከጠዋቶቹ አንዷ ናት፣ ከ80 በላይ የሆነች አሮጊት። እነሱ ጋ ሰው እየዞረ የሚጠይቅ ተመዳቢ አለ፣ የዚያ የድሮው ቡድን ትራፊ መሆኑ ነው። ስም የያዘ ትንሽ ደብተር አላት። አባሏ አይደለሁም፣ ግን ደብተሯ ላይ ጽፋኝ ነበር። «ቁልፉን ሌላ ልጅ ይዞት አየሁ፣ ደህና ነህ ወይ?» አለችኝ። እያደገ ያለው ጉባኤ የትኛው እንደሆነ እንጃ።

ይሄን ለእማዬ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነገርኳት። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እየጠቀጠቀች ነበር። እጇን ገታ አድርጋ «የኛ ሰው ናት?» አለችኝ።

«አይደለችም፣ እንግሊዝ ናት።»

«ጥርስ አላት?»

«አላት መሰለኝ።»

ዳቦ ቆሎውን ለብቻ በሌላ ላስቲክ ቋጠረች። «ይሄ የሷ ነው፣ እንዳትነካው» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «ስመ ክርስትናዋ ማን ነው? ሚካኤል ስሄድ ላስጠራት።» እነሱ ጋ ስመ ክርስትና የሚባል ነገር እንደሌለ ላስረዳት ብሞክር አልሰማችኝም። «ጠይቃትና ደውልልኝ» ብላ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።