ሳይመረምሩ ለሚፈርዱ ሐኪሞቻችን የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አእምሮ ስንት ወር እንደቀረው ተነገረኝ። ምርመራው የተካሄደው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ንፍሮ እየተቆረጠመ፣ ካርታ እየተበወዘ። መሣሪያው አንድ ስልክ፣ ማስረጃው ሰውየው ደረጃ ሲወርዱ የሚያሳይ የጥቂት ሰከንድ ምስል። ሐኪማችን ምስሉን አቆመው፣ በሁለት ጣቱ አሰፋው፣ ወደ ኋላ መልሶ በዝግታ አስኬደው። «ግራ እግሩን አያችሁት?» አለ። አየነው፤ ግራ እግር ነበር። «በቃ፣ አልቆለታል!» ሐዘንተኛ ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልለየሁም።

ይህን ሐኪም እናንተም ታውቁታላችሁ። ከካፌ አይጠፋም፣ ከታክሲ አይጠፋም፣ ከማኅበር አይጠፋም። ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቱ ልጅማ ስፔሻሊስት ነው፤ በዋይት ሐውስ አጠገብ ታክሲ ሲነዳ ኖሯልና በበሽተኛው ላይ ያለው እውቀት የቅርብ ነው።

ፈረንጆች ይህን ጥበብ ሞክረው አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሪ ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ አንድ መጽሔት ከ12 ሺህ ለሚበልጡ የአእምሮ ሐኪሞች «ሰውየው ለሥልጣኑ ብቁ ናቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ በደብዳቤ ላከ። 1,189 ሐኪሞች ከሩቅ ሆነው «አይደሉም» አሉ። ጎልድዋተር ከሰሱ፤ መጽሔቱና አዘጋጁ 75 ሺህ ዶላር የቅጣት ካሳ ተፈረደባቸው። በ1973 ደግሞ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ራሳቸው ባልመረመሩት ሰው ላይ የሙያ አስተያየት እንዳይሰጡ በሥነ ምግባር ደንቡ አሰፈረ። ምስኪኖች! ያን ሁሉ ዓመት ተምረው በሽተኛውን ካላዩ መናገር አይችሉም። የእኛ ሰው ሊያልቅ በተቃረበ ባትሪ የጨረሰውን ሥራ እነርሱ ለ1,189 ሆነው እንኳ አልቻሉትም።

ከዕውቀቱ ይልቅ ሚዛናዊነቱ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስት ፖይንት ላይ መወጣጫውን ቀስ ብለው ሲወርዱ፣ ባይደን በ2023 ኮሎራዶ ላይ በአሸዋ ከረጢት ተደናቅፈው ሲወድቁ አይተናል። ሐኪማችን ሁለቱንም መርምሯል። የሚደግፈው ሰው ሲወድቅ ጥፋቱ የከረጢቱ ነው፤ የሚጠላው ሲወድቅ ከረጢቱ የሐኪም ማስረጃ ነው። ጁን 27 ቀን 2024 ከተካሄደው የሁለቱ ክርክር በኋላ የባይደን ወገን የሰውየውን መንተባተብ «ጉንፋን ነው» ብሎ ሲምል ሰነበተ፤ ወር ሳይሞላ ባይደን ከውድድሩ ወጡ። ከዚያማ የሚያስቀናው ነገር መጣ፦ ሁለቱ ወገኖች የልብ ማዳመጫቸውን ተለዋወጡ። ትናንት «ዕድሜ ቁጥር ነው» ይል የነበረው፣ ትራምፕ በ78 ዓመታቸው በአሜሪካ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ቃለ መሐላ ፈጻሚ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ዕድሜ በሽታ መሆኑን ደረሰበት። ትናንት የሰማንያ ዓመት ሰው ወንበር ላይ አይቀመጥ ሲል የነበረው ደግሞ የሽማግሌ ጥበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስረዳን ጀመር።

እስቲ ሐኪማችንን ራሱን እንመርምረው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዋይት ሐውስ ሐኪም ትራምፕ ከ30 ነጥብ 30 አገኙ ያለበት፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚመዝን የሞንትሪያል ፈተና አለ፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ 26ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደህና ነው ይባላል። ሰውያችንን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። «ሰዓት ሣልና ዐሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ አድርገው» አለው ፈረንጁ። የእኛ ሰው አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ ተከለው፤ በእኛ አቆጣጠር ዐሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ነዋ! ፈረንጁ ነጥብ ቀነሰ። «ዓመቱ ስንት ነው?» ነገረው። ፈረንጁ ቀና ብሎ አየው፤ በሽተኛው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። «ወሩስ?» «ጳጉሜን።» «ስንተኛው ወር መሆኑ ነው?» «ዐሥራ ሦስተኛው።» ፈረንጁ ነርሷን ጠራ። አንበሳውን አወቀው፣ አውራሪሱን አወቀው፤ ግመሉን ሲያይ ግን የዘንድሮን የግመል ዋጋ ማስረዳት ስለጀመረ ሰዓቱ ሄደ። «ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር» ሲሉት «ዶላር ነው ብር?» ብሎ ጠየቀ፤ 93 ብሎ 86 ላይ ሲደርስ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። መጀመሪያ ላይ እንዲይዛቸው ከተነገሩት አምስት ቃላት መጨረሻ ላይ አንዱም አልነበረም። የሚጠላው ፖለቲከኛ ከስምንት ዓመት በፊት የተናገረውን ግን ከነሳሉ ጭምር አስታወሰ። ነጥቡን አልናገርም፤ የሕክምና ምሥጢር ነው።

ሽሙጡን ትንሽ ልተወው። በዚያው ድንኳን አንድ ሽማግሌ «የማን ለቅሶ ነው?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር፤ ስልኩን ከበው የነበሩት ወጣቶች ሳቁባቸው። አሳፋሪ ነው! የገዛ አባቱ መንገድ ሲጠፋበት «እርጅና ነው» ብሎ ጓዳ የሚዘጋበት፣ አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ዘንድ የማይወስደው ሰው፣ ውቅያኖስ አቋርጦ የሰው አባት አእምሮ ይመረምራል። መርሳትን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። በዚህ ስድብ መሐል እውነተኛው ጥያቄ ይጠፋል፦ ሥልጣን የያዘ ሰው ሲደክም ማን ይመረምረዋል? ለሕዝቡስ ማን ይናገራል? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1919 በስትሮክ ሲመቱ ወረቀቱን እየመረጡ የሚያስገቡላቸው ባለቤታቸው ነበሩ፤ ሕዝቡ የሕመሙን ልክ አልተነገረውም። አፄ ምኒልክ አልጋ ላይ ሲውሉ በስማቸው ያዝዙ የነበሩት፣ መኳንንቱ ገሸሽ እስኪያደርጓቸው ድረስ፣ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ ንጉሡ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ወዲያው አልታወጀም። ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት አልቻለም የሚባልበትን መንገድ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1967 በሕገ መንግሥታቸው ማሻሻያ ጽፈው አስቀምጠዋል፤ ምክትሉና አብዛኛው ካቢኔ ፈርመው የሚያውጁበት አንቀጹ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ የቃል አቀባዮች ድርሻ እንዳይረሳ። የዚምባብዌው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሦስት ሳምንት በፊት ያነበቡትን ንግግር ፓርላማ ፊት ከዳር እስከ ዳር ደግመው ሲያነቡ ስሕተቱ የጽሕፈት ቤት ሆነ። በ2017 በስብሰባ ላይ ዓይናቸው ተከድኖ ሲታይ ደግሞ አልተኙም፣ ዓይናቸውን ከኃይለኛ ብርሃን እየጠበቁ ነው ተባለ። ይህም ሕክምና ነው፤ ልዩነቱ በሽታ የሚያገኝ ሳይሆን በሽታ የሚያጠፋ መሆኑ ነው።

የካሜሩኑ ፖል ቢያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ናቸው፤ በ2025 በ92 ዓመታቸው እንደገና ተመርጠዋል። በአደባባይ የሚታዩት ከስንት አንዴ ነው። በ2024 መንግሥታቸው መገናኛ ብዙኃን ስለ ጤንነታቸው እንዳያወሩ ከልክሏል። ስለ እርሳቸውስ ምን ይላል ብዬ ሐኪማችንን ጠየቅሁት። ስልኩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ፤ የሚታይ ምስል አላገኘም።

«እሱ ምንም የለበትም» አለኝ።