ይድረስ ለክቡር አቶ ቀበሮ፣ በአውስትራሊያ የመሬይ ወንዝ ዳር ባለርስት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሜልበርኖች ከእንቅልፍ እጦት በስተቀር ደህና ነን። ሌሊት ሌሊት የቆሻሻ ገንዳችንን ስለሚፈትሹልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ ኤሊዎቹ ነው። ኅዳር ላይ ዝናብ ጠብ ሲል እናት ኤሊ ከወንዙ ትወጣለች። በኋላ እግሯ ጉድጓድ ትምሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ አፈሩን መልሳ ደልድላ ትሄዳለች። ማንም አላየኝም ብላ! እርስዎ ለካ ቁጥቋጦ ሥር የቀበሮ ባሕታዊ መስለው ተቀምጠዋል። አጥኚዎች እንደቆጠሩት ከ10 ጎጆ ከ9 በላይ የሚሆነውን ቆፍረው ይበላሉ። የቀረችውን ለማን አዝነው ተዉአት? አንዳንዴማ እናቲቱንም ይደርቧታል። አገር ቤት ያለው ሞክሼዎ ቀይ ቀበሮ እንኳ አይጥ በልቶ ያድራል።

ብልጠትዎን ግን አደንቃለሁ። ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው። መንገደኛው ትልልቆቹ ግንድ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያይና “ምን ጎደለ?” ብሎ ያልፋል። ልጅ የሚባል እንደሌለ ማን ልብ ይላል? እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1982 መረብ የተጣለበት አካባቢ ከ2009 እስከ 2011 እንደገና ሲፈተሽ፣ የሚያዙት ባለረጅም አንገት ኤሊዎች በ91 በመቶ፣ ባለአጭር አንገቶቹ በ69 በመቶ ቀንሰው ተገኙ።

ሙሉውን ሽልማት ግን እርስዎ አይወስዱም። ድርቁ፣ ግድቡ፣ ለመስኖ የተጠለፈው ውሃ፣ የደረቀው ረግረግ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የሰው ላብ መንጠቅ ነውር ነው።

ደግሞስ መቼ ለምነው መጡ? እኛ ለቪዛ ዓመታት ስንሰለፍ፣ እርስዎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ተጭነው ገቡ። እንግሊዛውያን ጌቶች ፈረስ ጋልበው የሚያሳድዱት አጥተው ነበር አሉ። ኋላ ደግሞ የእኛው የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥት በጭንቅላትዎ ገንዘብ መክፈል ጀመረ። እንዲህም አድርጎ እንግዳ መቀበል አለ!

ለማንኛውም አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይቀየሙ። የወንዙ ዳር ሰዎች ጎጆዎቹ ላይ የሽቦ መረብ እያነጠፉ ነው። ግልገሉ በቀዳዳው ይወጣል፤ የእርስዎ አፍንጫ ግን አይገባም። ቅሬታ ካለዎት ማመልከቻውን ለጋባዦችዎ የልጅ ልጆች ያስገቡ።

አክባሪዎ፣
ከሜልበርን