ሰርቨሩ ሲወድቅ ማስተዳደሪያው የት ነው ያለው?

አንድ የሙያ ባልደረባዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። ቢሯቸው አንድ የአይቢኤም ፓወር ሰርቨር አለ። ውስጡ አራት ሎጂካል ፓርቲሽን ይሠራል። አሁን አዲስ ሰርቨር ሊጨመር ነው። «በምን እናስተዳድራቸው?» አለኝ። እስካሁን የሚጠቀሙት ሰርቨሩ ውስጥ ያለውን ቀላል ማስተዳደሪያ ነው። ግማሹ ሰው «እሱ ይበቃናል» ይላል። ግማሹ ደግሞ ሻጭ ባሳየው ባለ ብዙ ግራፍ ሶፍትዌር ልቡ ሸፍቷል። በስልክ ከነገርኩት በላይ የምለው ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ሎጂካል ፓርቲሽን ማለት አንድን ትልቅ ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ሰርቨር መጠቀም ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ድርሻ አለው። የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም አለው። የአንዱ ሲስተም ቢወድቅ ጎረቤቱ ሥራውን ይቀጥላል። ድንበሩን የሚጠብቀው ከሥር ያለው ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ነው። ድሮ ይህ የሜይንፍሬም ጉዳይ ነበር። የአይቢኤም ዩኒክስ በሆነው በኤአይኤክስ ወደሚሠሩት ሰርቨሮች የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ከፓወር4 ፕሮሰሰር ጋር ነው። በ2004 ፓወር5 ሲመጣ አንድን የፕሮሰሰር ኮር ለ10 ፓርቲሽን ማካፈል ተቻለ። በኋላ 20 ደረሰ። መቁረስ ሲቀል ቁራሹ በዛ። ቁራሹ ሲበዛ ደግሞ ዋናው ጭንቀት «ማን ምን ያህል ወሰደ?» የሚለው ሆነ።

ማስተዳደሪያ ሲመረጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስክሪኑን ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሰርቨሩ በወደቀበት ሌሊት ማስተዳደሪያው የት ነው ያለው? ምንስ ያስታውሳል?

«የት ነው ያለው» ከሚለው ልጀምር። የባልደረባዬ ቢሮ የሚጠቀመው አይቪኤምን ነው። አይቪኤም የሚኖረው እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ፣ ቪአይኦኤስ በሚባል ፓርቲሽን ላይ ነው። ቪአይኦኤስ ደግሞ ለሌሎቹ ፓርቲሽኖች ዲስክና ኔትወርክ የሚያከፋፍለው ነው። በአይቪኤም ሥር ቪአይኦኤስ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ መጠባበቂያ ማቆም አይቻልም። እሱን አፕዴት አድርገህ ሪስታርት ስታደርገው ሁሉም ዲስኩንና ኔትወርኩን ያጣል። ማስተዳደሪያውም አብሮ ይጠፋል። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

አይቪኤምን ማጣጣሌ አይደለም። ሌላ ማሽን ሳያስገዛ ብዙ ትንንሽ ሰርቨሮችን ለዓመታት ይዞ ኖሯል። እኔም ሥራውን የለመድኩት በእሱ ነው፤ ውለታው አለብኝ። ግን ጊዜው አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ቪአይኦኤስ 3.1 ላይ የለም። ፓወር9 ላይም አይሠራም። ስለዚህ አዲስ ሰርቨር ለሚገዛ ሰው «ያለን ይበቃናል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል።

ቀጣዩ ኤችኤምሲ ነው። ይህ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ለብቻው የሚቆም ኮንሶል ነው። ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው ሰርቪስ ፕሮሰሰር በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር በኩል ነው። ሰርቪስ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ፣ ሌላው ሁሉ ጠፍቶም ነቅቶ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ሲነሳ ምን ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ከውጭ ሆነህ ታያለህ። ኮንሶሉ ራሱ ቢበላሽ ደግሞ ፓርቲሽኖቹ ምንም አይሆኑም፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የምታጣው የማዘዝ አቅምህን ብቻ ነው። አንድን ሰርቨር ሁለት ኤችኤምሲ ሊያስተዳድረው ስለሚችል ያንንም ላታጣ ትችላለህ። በኔ በኩል ሁለተኛው ቅንጦት አይደለም።

አሁን ኤችኤምሲ በቨርቹዋል ማሽን መልክም፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሶፍትዌር የሚሠራ ሆኖ ይገኛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሁለቱንም አንድ ቦታ የሚከምር ሰው አይቻለሁ። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የያዘው ያ ኮምፒውተር ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ወደቁ። አንዱ ቨርቹዋል ቢሆን እንኳ ሌላው ሌላ ቦታ፣ በሌላ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ይሁን።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። ምን ያስታውሳል? ይህን በመከራ ነው የተማርኩት። ቀድሞ እሠራበት በነበረ ቦታ አንድ የዳታቤዝ ፓርቲሽን ነበረን። ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ፓርቲሽኑ ሲነሳ የሚሰጠው ድርሻ የተመዘገበበት ሰነድ ላይ የተጻፈለት ሜሞሪ 32 ጊጋባይት ነበር። ሥራ ሲበዛበት ሳናጠፋው ወደ 64 አሳደግነው። ይህ የፓወር ትልቅ ጸጋው ነው። ሰው እየሠራበት ሜሞሪ ትጨምራለህ፤ ማንም ሳይነቃ ያልፋል። ሁላችንም ተደሰትን። ለውጡን ግን ፕሮፋይሉ ላይ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም።

ወራት አለፉ። ለኤሌክትሪክ ጥገና ተብሎ ሰርቨሩ በሙሉ ጠፋ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የማስነሳቱ ተራ የኔ ነበር። ኮንሶሉ ይጠይቃል፦ በመጨረሻ በነበረው ይዞታ ላስነሳው ወይስ በፕሮፋይሉ? ፕሮፋይሉን መረጥኩ። ለሊት ለደከመው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይመስላል። ፓርቲሽኑ ተነሳ፤ ስህተት የሚል መልእክት አንድም የለም። ዳታቤዙ ግን አልነሳም አለ። ዲስኩን ጠረጠርን። ኔትወርኩን ጠረጠርን። ሊነጋጋ ሲል አንዷ ባልደረባችን የሜሞሪውን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች፦ 32።

የዚያን ሌሊት ጥፋቱ የኛ ነበር፤ የመሣሪያው አልነበረም። ግን ከዚያ ወዲህ ማስተዳደሪያ ሲያሳዩኝ ይህን ሳልጠይቅ አላልፍም። አሁን የሚሠራው ይዞታና በፕሮፋይል የተጻፈው ሲለያዩ ይነግረኛል? አሁን ያሉት የኤችኤምሲ ስሪቶች ፕሮፋይሉ ከለውጡ ጋር በራሱ እንዲታደስ ማድረግ ያስችላሉ። እሱን ማብራት የደቂቃ ሥራ ነው። የፕሮፋይሉን ከፍተኛ መጠን መመልከትም አይዘንጋ። እዚያ ላይ 48 ተብሎ ከተጻፈ፣ ሰርቨሩ ውስጥ የፈለገው ያህል ትርፍ ሜሞሪ ቢኖር ሳታጠፋ ከ48 በላይ መጨመር አትችልም።

ባለ ግራፎቹስ? ፓወርቪሲ ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር የአይቢኤም ሶፍትዌር ሲሆን፣ ኦፕንስታክ በሚባል ክፍት የክላውድ ሶፍትዌር ላይ የተሠራ ነው። ብዙ ሰርቨር ላላቸው፣ በየቀኑ አዲስ ፓርቲሽን ለሚፈጥሩና ለሚያጠፉ ሰዎች እውነተኛ እፎይታ ነው። ኖቫሊንክ የሚባለው ማስተዳደሪያም አብሮት ይጠቀሳል። እሱ ሰርቨሩ ውስጥ በራሱ የሊኑክስ ፓርቲሽን ላይ ይቀመጥና ፓወርቪሲን በቀጥታ ያገናኛል። ኖቫሊንክና ኤችኤምሲ አንድ ሰርቨር ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ግን አዛዡ አንዱ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት የትኛው እንደሆነ ሁሉም ሊያውቅ ይገባል። በዓመት ሁለት ፓርቲሽን ለሚፈጥር ቢሮ ግን ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? የሚጠበቅ፣ አፕዴት የሚደረግ፣ ባክአፕ የሚወሰድለት ሌላ ሲስተም መጨመር ብቻ ነው።

የሚያምረው ስክሪን የሚያስረሳን አንድ ነገር አለ፤ የትእዛዝ መስመሩ። ኤችኤምሲ ላይ በኤስኤስኤች (ከርቀት ገብቶ ትእዛዝ መስጫ) ገብቶ የሁሉንም ፓርቲሽን ይዞታ በጽሑፍ ማውጣት ይቻላል። በየሌሊቱ ይህን አውጥቶ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ የአሥር መስመር ስክሪፕት ከብዙ ግራፍ ይበልጥብኛል። የትናንቱን ከዛሬው ጎን አስቀምጠህ ማን ምን እንደለወጠ ታያለህ። ያ ጽሑፍ በዚያ ሌሊት ቢኖረን ኖሮ ዲስክ ስንፈትሽ ባላነጋን ነበር።

ለባልደረባዬ ያልኩት ይህን ነው። ሁለት ኤችኤምሲ፣ በተለያየ ቦታ። በአዲሱ ሰርቨር ላይ ቪአይኦኤስም ሁለት ይሁን፤ ያኔ አንዱ ሪስታርት ሲደረግ ሌላው ዲስኩንና ኔትወርኩን ይዞ ይቆያል። ፓወርቪሲ ሰርቨሮቹ ሲበዙ ይታሰብበታል።

ሲረከቡ ደግሞ ግማሽ ቀን ለሙከራ ይያዝ። የአንዱን ኮንሶል ገመድ ይንቀሉ፤ ከዚያ የሌላውን። ፓርቲሽኖቹ መሥራታቸውን ይዩ። ኮንሶሉን ከባክአፕ መልሰው ያስነሱ። አንድ ፓርቲሽን ላይ ሜሞሪ ይጨምሩ፣ ያጥፉት፣ ያስነሱት፤ ቁጥሩን ያንብቡ። ርክክቡ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ያን ግማሽ ቀን አሁኑኑ አስይዝ ብዬዋለሁ፤ ዳታቤዙ ከተጫነ በኋላ ገመድ እንዲነቅል የሚፈቅድለት አያገኝም።