የሰይፍ ዘጠኝ ሞት አይደለም

እህቴ፣ አብሽሪ። ዕድል በሚነበብበት የታሮት ካርታ «የሰይፍ ዘጠኝ የወጣለት ሰው ቤት ሞት ይገባል» ያልሽው ብዙዎች የሚደጋግሙት ስህተት ነው። እስኪ ካርታውን ቀረብ አድርገሽ እዪው፦ አንድ ሰው አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ሰይፎቹ ከበስተኋላው ጨለማው ላይ ተጋድመዋል እንጂ አንዱም አልወጋውም። ብርድ ልብሱ ላይማ ጭራሽ ጽጌረዳ አለ! ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለችው ይህ ሥዕል (በ1909 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው) በአብዛኛው የሚነበበው እንደ ጭንቀት ነው፤ እኛ ደሴ ጦሳ ጉም ለብሶ ሲያድር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነቅተሽ ጣሪያ ጣሪያ የምታዪበት ዓይነት። ሞት የሚባለው ካርታ ሌላ ነው፣ ቁጥሩ 13። እሱንም ቢሆን ካርታ አንባቢዎቹ በአብዛኛው «አንድ ነገር አልቆ ሌላ ሊጀመር ነው» ብለው ነው የሚፈቱት። ታሮት ራሱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ መጫወቻ ነበር፤ ጥንቆላው በኋላ የተለጠፈበት ነው።