ግጥምና ዜማው የማን ነው?

ጅማ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ጠዋት ጭጋጉ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሳይነሳ የሰፈራችን ልጆች ልምምድ ይጀምራሉ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ጠባብ ክፍል አላቸው። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ አንድ ሳክስፎን። ድራሙን የተከራዩት ነው። ቅዳሜ ማታ ለአንዲት የሰፈር ልጅ የልብ ሕክምና ገንዘብ ማሰባሰቢያ የሙዚቃ ምሽት አዘጋጅተዋል። መግቢያው 200 ብር። ሁሉም የድሮ ዘፈን ነው፤ የራሳቸው የለበትም።

በርጩማ ሰጡኝና ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። ግን አያቶቹ የጨፈሩበትን ዜማ እንደ ራሱ ነገር ይዞታል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ «ይሄ የማን ነው?» አልኩት።

«የጥላሁን ነዋ ጋሼ!» አለኝ። አሜሪካ ቆይቶ ረሳው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

«እሱንስ አውቃለሁ። ግጥምና ዜማው የማን ነው ማለቴ ነው።»

ልጁ ወደ ቤዚስቱ ዞረ። ቤዚስቱ ወደ ሳክስፎኒስቱ። መልስ የለም። እኔም ብጠየቅ አላውቅም ነበር። ይህን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ እያንጎራጎርኩ ነው ያደግኩት። ቃሉን ማን እንደጻፈው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ጥያቄው ወደ አፌ የመጣው ከምኖርበት አገር ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ታዋቂው የዘፈን ደራሲና ዘፋኝ ቦብ ዲላን የተወለደው እዚያ ነው፤ ዱሉት በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1941። ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ፊቱ በሦስት የተለያየ ዕድሜ ተሥሏል። ሥራ ስሄድ አውቶቡሱ በዚያ በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሥዕሉ ግን ያሳዝነኝም ደስም ይለኝ ነበር። የግጥም ደራሲን እንዲህ ግድግዳ ላይ የሚያኖር ሕዝብ አለ ማለት ነው።

አንድ ቀን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ አራት ሲዲ የያዘ አንድ አልበም አገኘሁ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርገው ብዙ ዘፋኞች ተሰብስበው የዲላንን ዘፈኖች በየራሳቸው አጨዋወት የተጫወቱበት ነው። ከ70 በላይ ዘፈን አለው። አንጋፋው አሜሪካዊ ዘፋኝ ፒት ሲገር በ90ዎቹ ዕድሜው ከሕፃናት ጋር ሆኖ ለልጅ የሚመረቅ ምርቃት የሚመስለውን የዲላን ዘፈን ዘፍኗል። የቦብ ማርሌይ ልጅ ዚጊም አለበት። ገቢው የሚሄደው ለሰብአዊ መብት ሥራ ነው።

እንዲህ ዓይነት አልበም እዚያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1990 (የውጭውን ዘመን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኮል ፖርተር የተባለውን የድሮ የዘፈን ደራሲ ሥራዎች ዩ ቱን የመሳሰሉ ባንዶችና ዘፋኞች ተጫውተው ለኤድስ መከላከያ ገንዘብ አሰባስበዋል። ደራሲው ከሞተ 26 ዓመት ሆኖት ነበር። በ2007 ደግሞ ዮኮ ኦኖ የሟች ባሏን የዘፋኙን የጆን ሌነንን ዘፈኖች መብት ለአምነስቲ ሰጠች። ለዳርፉር ሕዝብ የሚሆን አልበም ተሠራበት። የሴኔጋሉ ዩሱ ንዱር ሳይቀር ዘፍኖበታል። ሱዳን ጎረቤታችን ናት። ሊቨርፑል ውስጥ የተወለደ ሰው ዘፈን፣ እሱ ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ፣ ለዳርፉር ደረሰ።

«ሰጠች» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቁም። ልትሰጥ የቻለችው የእሷ መሆኑ ስለታወቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1909 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነገር አለ። አንድ ዘፈን አንዴ በሸክላ ከወጣ በኋላ ማንም ደግሞ ሊዘፍነው ይችላል። ግን ለደራሲው ይከፍላል። ከ2006 እስከ 2022 ድረስ ክፍያው ለአንድ አጭር ዘፈን፣ ለአንድ ቅጂ፣ 9.1 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ትንሽ ይመስላል። 70 ዘፈን ባለው አልበም ላይ ስታሰሉት ግን በአንድ አልበም ከ6 ዶላር በላይ ይመጣል። አንድ መቶ ሺህ ሲሸጥ ከ600 ሺህ ዶላር ያልፋል። ደራሲው ወይም ወራሹ «ይሄን ለበጎ ሥራ ትቻለሁ» ሲል እንግዲህ የሚተወው ነገር በእጁ ያለ፣ የሚቆጠር ገንዘብ ነው።

አሜሪካን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። ከእነዚህ አልበሞች ሁሉ ልቤን የነካው በ1993 የወጣው ነው። ቪክቶሪያ ዊሊያምስ የምትባል የዘፈን ደራሲ መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባል የነርቭ በሽታ ተያዘች። የጤና ኢንሹራንስ አልነበራትም። በዓለም ሀብታሙ አገር ውስጥ አንዲት ባለሙያ መታከሚያ አጣች ማለት ነው። ጓደኞቿ ምን አደረጉ? የራሷን ዘፈኖች ተከፋፍለው ዘፈኑላት። ፐርል ጃም፣ ሉ ሪድ፣ ከእኛው ከሚኒያፖሊስ ደግሞ ሶል አሳይለምና ጄይሆክስ። ከዚያ አልበም ተነስቶ ለታመሙና ለተቸገሩ ሙዚቀኞች የሚደርስ የእርዳታ ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬም ይሠራል።

ዘፈኗን ነው ያሳከሟት። ይቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

እኛ ጋስ? እኛ ጋ አንድ የግጥም ወይም የዜማ ደራሲ ሲታመም ወሬው በስልክ ይዞራል። ዲያስፖራው ጎ ፈንድ ሚ ይከፍታል። እዚህ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ሰው ይሰጣል፤ ከሌለው ላይ ቆርሶ ይሰጣል። እኔ ራሴ በፈረቃ የማታ ሥራ ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ልኬያለሁ። ግን የምንሰጠው እንደ ምጽዋት ነው። ሰውየው በአርባ ዓመት ውስጥ የጻፈው ግጥም በየሠርግ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየሬዲዮው ይጫወታል። እሱ ግን አልጋ ላይ ሆኖ «ወገኖቼ ድረሱልኝ» ይላል። ያ ገንዘብ መጀመሪያውኑ የእሱ ነበር። ይሄ ያመኛል።

ሕግ ስለሌለን አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) አለ። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ስሙ የመጠራት መብትም አለው። ማሻሻያው አዋጅ 872/2007 ደግሞ ደራሲዎች በማኅበር ሆነው ክፍያ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። የጎደለው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ የማን ምን እንደሆነ ማወቅ። ድሮ ገጣሚው ለአንድ ግጥም አንዴ ይከፈለዋል፤ በቃ። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ። ስሙ ካሴቱ ሽፋን ላይ ከወጣ ተመስገን ነው።

ካሴት ካልኩ አይቀር፣ በዚያው ቀን ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ከአሮጌው ቤታችን አጠገብ የሚኖሩ እትዬ የምላቸው እናት አሉ። እናቴ በሕይወት እያለች ቡናቸውን በፈረቃ ነበር የሚያፈሉት። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስለ ልጆቹ ጥያቄ አወራኋቸው። «ቆይ እስቲ» ብለው ተነሱ። ከአልጋ ሥር የጫማ ካርቶን ጎትተው አወጡ። ውስጡ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለሉ ካሴቶች። ሀያ ሦስት ቆጠርኩ።

«ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ። መጣሉን ግን እንዴት ብዬ፣ ልጄ?»

አንዱን ከፈትኩ። ወረቀቱ በመታጠፊያው በኩል ሊበጠስ ደርሷል። ከፊት የዘፋኙ ፎቶ አለ። ከውስጥ ከጉንዳን ያነሱ ፊደሎች ተደርድረዋል። ከየዘፈኑ ርዕስ ትይዩ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ ከታች «ቅንብር»። መነጽሬን አውልቄ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ጠዋት ልጆቹ የተጫወቱት ዘፈን አራተኛው ነበር። የገጣሚው ስም ይነበባል። የዜማው ደራሲ ስም ላይ የቡና ጠብታ አርፎበት የመጀመሪያው ፊደል ጠፍቷል። የቀረው ግን ይታያል።

እትዬ ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው «አላውቀውም» አሉ። «ግን ሠርጌ ላይ ያስጨፈረኝ እሱ ነዋ!»

ነገሩ እንዴት እንደጠፋ ያኔ ገባኝ። ካሴቱ ሲዲ ሆነ። ሲዲው ፍላሽ ሆነ። መርካቶ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ፍላሽ ላይ ሲጭኑልህ የሚመጣው የዘፋኙ ስምና «ትራክ 07» ነው። ከዚያ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ቴሌግራም። ያቺ የጉንዳን ፊደል የያዘች ወረቀት መንገድ ላይ ቀረች። ማንም በክፋት አልጣላትም። ልጆቹ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ ወረቀቷን አይተዋት አያውቁማ።

አንድ የቆየ ነገር እዚህ ላይ ትዝ አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 አሥር ዓመቴ ነበር። በሰሜን ረሃብ ገብቶ ሰፋሪዎችን በአውቶቡስ ወደ ከፋና ወደ ኢሉባቦር ሲያጓጉዙ በጅማ በኩል ያልፉ ነበር። እናቴና እትዬ ንፍሮ ቀቅለው በመስኮት ያቀብሏቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ40 በላይ ታዋቂ ዘፋኞች በአንድ ሌሊት ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ የደረሱትን ዘፈን ለእኛ ረሃብተኞች ቀዱ። ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ያ የግድግዳው ሰውዬ፣ ዲላን፣ ድምፁ እዚያ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት ሚኒሶታ ከገባሁ በኋላ ነው። ዩቲዩብ ላይ ሳየው ከብርድ ልብሴ ውስጥ ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

የእናቴ ንፍሮ ላይ ስም አልተጻፈበትም። መጻፍም የለበትም፤ ብትሰማኝ ትቆጣለች። የጅማ ሰው ሲሰጥ እንዲያ ነው። እድሩም እንዲያ ነው፤ ቪክቶሪያ ዊሊያምስ ቆጪ ሰፈር ብትኖር ኖሮ ኢንሹራንስ ባይኖራትም በማግሥቱ ቤቷ በሰው ይሞላ ነበር። ይህን አሜሪካ ውስጥ አላየሁትም፣ ይናፍቀኛል። ዘፈን ግን ከንፍሮ ይለያል። ዘፈን ለደራሲው እንጀራው ነው፤ ለልጆቹም ይተርፋል። ስሙን ከላዩ ላይ አንስተን በጎ ሥራ ብንሠራበት እንኳ የሰጠነው ከእኛ ኪስ አይደለም።

በማግሥቱ ካሴቶቹን ይዤ ልጆቹ ጋ ሄድኩ። እትዬ መጀመሪያ አልሰጥም ብለው ነበር። ኋላ ላይ ራሳቸው ነጠላቸውን ለብሰው አብረውኝ መጡ። ከእጃቸው አይለዩዋቸውማ። ልጆቹ ወረቀቶቹን በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ ስሞቹን እየጮኸ ሲያነብ አንዱ ደብተር ላይ ይጽፋል። ለቅዳሜ ካዘጋጇቸው 11 ዘፈኖች የሰባቱ ግጥምና ዜማ ተገኘ። ለቀሪዎቹ አራት አዲስ አበባ ያለ አንድ የቀድሞ ሙዚቀኛ ደወሉ፤ አላነሳም።

እኔም አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከመግቢያው ገንዘብ ላይ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ከመቶ አሥሩን፣ ለደራሲዎቹ ወይም ለቤተሰቦቻቸው ለይታችሁ አስቀምጡ አልኳቸው። ቤዚስቱ ተቃወመኝ። «ጋሼ፣ የልጅቷ ሕክምና ይበልጣል። እነሱን ጠይቀን ‹ተውነው› ካሉን ደግሞ ስጦታው የእነሱም ይሆናል» አለኝ። ልክ ነው። እኔ ያላሰብኩትን ነው ያሰበው። ዮኮ ኦኖ ያደረገችው እኮ ይሄንኑ ነው። ስለዚህ የሚያገኟቸውን ደውለው ሊያስፈቅዱ ተስማሙ። ሁለቱን ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት አገኙ። ሁለቱም ፈቀዱ። አንደኛዋ፣ የገጣሚው ልጅ፣ ስልክ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «አባቴን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም» ብላለች አሉኝ።

ቅዳሜ ማታ ዝናብ ነበር። አዳራሹ ግን ሞላ። ከአጂፕ በኩል የመጡ ባጃጆች በሩ ላይ ተደርድረዋል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ከፊት ተቀምጣለች፣ ቀይ ሹራብ ለብሳ። አስተዋዋቂው ከየዘፈኑ በፊት የዘፋኙን፣ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን ስም ይጠራል። መጀመሪያ ላይ ሰው ግራ ገባው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ለገጣሚው ማጨብጨብ ጀመሩ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ አስተዋዋቂው ወረቀቱን አየና «የዚህን ዘፈን ደራሲ አላገኘንም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩን» አለ።

አዳራሹ ዝም አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ኮታቸው ገና ውኃ ያንጠባጥባል።

«ግጥሙን አላውቅም» አሉ። «ዜማውን ግን አውቃለሁ። እዚሁ ጅማ፣ እኔ ቤት አድሮ ነው የሠራው።»

ልጁ ደብተሩን ይዞ ከመድረክ ወረደ።