ለግራዚያኒ ያልታዘዘች ሴት ለማን ትታዘዝ?

ሰሞኑን የሚያዝያ 27 የድል በዓልን ምክንያት በማድረግ በተላለፈ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ ተጋባዥ፣ ሴቶች ለአርበኞች ስንቅ በማቀበልና በጸሎት መርዳታቸውን፣ ጠመንጃ ያነሱት ጥቂቶች ግን ባሎቻቸው ስለተገደሉባቸው እንጂ በራሳቸው ውሳኔ አለመሰለፋቸውን፣ ታሪካቸውም በድሉ መቋጨቱን በልበ ሙሉነት ተናገሩ። አወያዩም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ወንድሙ ተገድሎበት ጫካ የገባ ወንድ በእኛ አገር ደም መላሽ ነው፣ የአባቱ ልጅ ነው። ባሏ ተገድሎባት ጠመንጃ ያነሳችው ሴት ግን ሐዘን የገፋፋት ምስኪን ትሆናለች። ወይዘሮ ከበደች ስዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጣሊያን ሲገደሉ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። አባታቸው ራስ ስዩም መንገሻ ለወራሪው ገብተው ስለነበር የመግባቱ መንገድ ለእሳቸውም ክፍት ነበር። እሳቸው ግን አልገቡም፤ ጦር መሩ። ይህ ውሳኔ ካልተባለ ተጋባዡ ውሳኔ የሚሉት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ቢያስረዱን መልካም ነበር። ስንቅ ማቀበልም ቢሆን፣ የተያዘችውን ግርፋት ወይም ሞት ይጠብቃት ስለነበር፣ እንደ ጓዳ ሥራ የሚቆጠር አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ታሪካቸው በድሉ ተቋጨ የሚለው ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የተሰለፉት፣ ተይዘውም በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአሲናራ ደሴት የተጋዙት በሃያና በሃያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። እዚህ ላይ ማቆም ለበዓል ንግግር ይመቻል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ የአጋጣሚ ነገር ሆኖ፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ የሕጉ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ መሆኑን፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዝለት ይደነግግ ነበር። የግራዚያኒን ትእዛዝ አልቀበልም ብላ የታሰረች፣ የተጋዘች፣ የቆሰለች ሴት፣ ነፃ ያወጣችው አገር በድሉ መታሰቢያ ቀን ባወጣው ሕግ ታዛዥነቷ በአንቀጽ ተጻፈላት። ወንዱ አርበኛ ለጀግንነቱ ማዕረግ ሲቀበል፣ ደጃዝማች ወይም ፊታውራሪ ሲባል፣ የሴቷ ጀግንነት የሚመነዘርበት ሹመት አልነበረም፤ ሽልማት ብታገኝ እንኳ ከዚያ ሥነ ሥርዓት ወደ ቤቷ የምትመለሰው በሕግ አለቃ ወደተሾመላት ቤት ነው። ዘመኑ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ያው ዘመን እኮ ነው ጠመንጃ ያስነሳት! ለጦርነቱ ያልከለከላትን ዘመን ለሰላሙ ከልካይ አድርጎ ማቅረብ አሳፋሪ ነው።

ያ አንቀጽ በፌዴራል ደረጃ የተተካው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ማለትም በ1933 ዓ.ም. ሃያ አምስት ዓመት የሞላት አርበኛ ለመብቷ እኩልነት ሰማንያ አራት ዓመት መኖር ነበረባት። ወይዘሮ ስንዱ ደርሰውበታል። ሳይደርሱበት ያለፉት ግን ብዙዎች ናቸው፤ ተጋባዡ ተቋጨ ያሉትም የእነዚህን ሴቶች ታሪክ ነው።