ስድስት ጎራሽ፣ አምስት ጥይት

ስልኩን ዘርግቶ «አንዴ ይችን ፎቶ እይልኝ» የሚል ሰው፣ ዘመድም ቢሆን ይጠርጠር። አንድ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ከኋላዋ ሠራዊት ተሰልፏል።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከቴክሳስ ደብረ ማርቆስ መጣ። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ሁላችንም የልጆቹን ፎቶ ያሳየናል ብለን ስንጠብቅ ያወጣው የሽጉጥ ፎቶ ነው። ሽጉጥ ከፊት። ሽጉጥ ከጎን። ሽጉጥ እንደ ሙሽራ ቀይ ከፋይ ላይ ጋደም ብላ። «ይሄ እጀታዋ ሳይቀየር ነው፣ ይሄ ከተቀየረ በኋላ።» ከእንጨት ወደ አጋዘን ቀንድ ተዛውራለች። ምላጯ እንዲለሰልስ ሞላዋ ተለውጧል። ብረቷ ላይ ሐረግ ተስሏል። እኔ ሐረግ የማውቀው በብራና ዳዊት ላይ ነበር።

ትልቁ አጎታችን መነጽሩን አድርጎ አየና «ስንት ትጎርሳለች?» አለ።

«ስድስት፣ አያ። ግን የምንሞላው አምስት ነው።»

«ስድስተኛዋስ?»

«ባዶ እንተዋታለን። ጥይቷን የሚመታው ብረት፣ መምቻው፣ ባዶው ላይ ካላረፈ፣ ድንገት ብትወድቅ ልትተኩስ ትችላለች።»

አጎቴ ስኒውን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን አምስት ጎራሽ አልገዛህም?»

ልጁ አልተበገረም። ይህ ኮልት የሚባለው፣ የአሜሪካ ጦር በ1873 የተቀበለው ዓይነት መሆኑን አስረዳን። አጎቴ 1873 ሲባል ፊቱ በራ። ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነዋ! የፈረንጅ 1873 መሆኑ ሲነገረው ደግሞ ፊቱ ተመልሶ ጠፋ። ልጁ ቀጠለ። ምላጭ ብቻ ስበህ አትተኩስም፤ ለእያንዳንዱ ጥይት መምቻውን በአውራ ጣትህ ወደኋላ ትስባለህ። ጥይት የምታጎርሰው በጎን በር አንድ በአንድ ነው፤ ቀለሁንም አንድ በአንድ እየገፋህ ታወጣለህ። ጦሩ ራሱ በ1892 በሌላ ተክቶታል። ዘመዴ ግን ደመወዙን ያፈስበታል።

ለነገሩ ስለ አሮጌ መሣሪያ ለእኛ ቤት አይነገርም። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ፈረንሳይ በፈረንጅ 1874 ያወጣችው፣ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ፤ ሞዴሉ ከዚያ ሽጉጥ የሚያንሰው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። አያቴ ሰደፉን በነሐስ አስጊጠው፣ ቆዳ አልብሰው፣ በእጃቸው ካልሆነ አያስነኩም። ለእኔ ነበር ቃል የተገባው። አንድ ሰው ግን አያቴ ባረፉ በዓመታቸው ወስዶ በባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ለወጠው። ቴፑ ወዲያው ካሴት መብላት ጀመረ። ያ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ በዚያ ፋሲካ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ ፈረሰኛውን እየጋጠ ነበር። ስሙን አልጠራም።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለውን ተረት እወዳለሁ። ቦታው ሆነም አልሆነም እጠቀምበታለሁ። ባጃጁን በተለጣፊ ሸፍኖ መንገዱን በቀዳዳ የሚያይ ሾፌር አለ። ሶፋውን በዳንቴል አልብሶ እንግዳውን በርጩማ ላይ የሚያስቀምጥ አባወራ አለ። ቡፌው ውስጥ የተደረደረ ብርጭቆ አለ፤ ለእንግዳ ነው ይባላል፤ እንግዳ ሆኜ ሄጄ በቆርቆሮ ኩባያ ጠጥቻለሁ። ታዲያ ለየትኛው እንግዳ ነው? ይንገሩኝና ያ እንግዳ ሲመጣ አብሬው ልግባ።

ያጌጠ መሣሪያ ከተነሳ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ላዩ ላይ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ለንግሥቲቱ አገልጋይ ለፕላውደን፣ ለእንግሊዙ ቆንስላ ማለት ነው፣ ላደረጉለት ደግነት ምስጋና ነው ይላል። ምስጋናውን የቀረጸው አገር ነው ጦሩንም የላከው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሠርጉ ተኳሽ ነው። ሙሽራ ወጣ፣ ደግ ደግ። ሙሽራ ገባ፣ ደግ ደግ። ሰማዩ ምን በደለ? ወደ ላይ የሄደ ጥይት ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ተኳሹን አይፈልግም፣ ድስት የምታማስለዋን ሴት ሊያገኝ ይችላል። ሕጉ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይባላል። ተኳሹ የሚያውቀው ቁጥር የጥይቱን ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያውቀው ሊፎክርበት ነው። አሁንማ ጎጃም ውስጥ ተኩስ ሰምተን «የማን ሠርግ ነው?» የምንልበት ጊዜ አልፏል። ይሄንን ልተወው።

ምን ላይ ነበርኩ? ስልኩ። እሺ፣ ልጁ ሽጉጧን ምን ያደርግባታል? ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የጥንት ከብት ጠባቂ መስሎ፣ ባርኔጣና ቡት አድርጎ፣ የብረት ሰሌዳ ይመታል። ለጨዋታው ሁሉም ልዩ ስም ያወጣሉ። እሱ ገና ስም አልመረጠም።

አጎቴ ይሄን ሲሰማ ተነቃቃ። «የፈረስ ስም በለኛ! ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ። አንተን እኔ ልሰይምህ። አባ ጎደሎ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ፤ ከሁላችንም በላይ ደስ ያለው እሱ ነው። አሜሪካ አማርኛውን አሳስታበታለች። ስልኩን አቀበለኝና፣ «በፊደል ጻፍልኝ፤ ስመለስ እጀታዋ ላይ አስቀርጸዋለሁ» አለኝ።

አሳምሬ ጻፍኩለት።